ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ባነር እንዴት ይሠራል?

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ባነር በባነር ትሆናለች። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ሁሉም የሚለው አለው። አብዛኛው ግን ሳይነበብ ይታለፋል። ሁሉም ነገር እኩል ስለሚጮህ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ፒያሳ ያለ አንድ የባህል ምግብ ቤት 2 ሜትር በ1 ሜትር ባነር አዘዛችሁ እንበል። ኮምፒውተሩን ተዉትና በወረቀትና እርሳስ ጀምሩ።

መጀመሪያ የሚቀድመውን ለዩ። ባለቤቱ የሚሰጣችሁ ዝርዝር ረጅም ነው። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጠጅ፣ የበዓል ምኞት፣ ከዚያ ደግሞ «ይህችንም ጨምርልኝ»። መንገደኛው የሚሰጣችሁ ጊዜ ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሦስት እርከን ይበቃል፤ አንድ ትልቅ ነገር፣ እሱን የሚያብራራ አንድ መካከለኛ፣ የቀረው ሁሉ ትንሽ። በእርከኖቹ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታይ። እኔ ትልቁን ከመካከለኛው ቢያንስ እጥፍ አደርገዋለሁ። በጥቂቱ ብቻ ከበለጠ ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስልም።

በላቲን ፊደል የሚሠራ ሰው ርዕሱን በካፒታል ጽፎ ይገላገላል። የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም። ያለን መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ቦታ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ይህንን ያኔ ፈትተውታል። ጽሑፉ በጥቁር ይሄድና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀይ ቀለም ይገባል። ቀዩ ዓይን የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ነው። እናንተም ደማቁን ቀለም ለአንድ ነገር ብቻ ስጡት። ለምግብ ቤቱ ስም ከሰጣችሁት ስልክ ቁጥሩ አይንካው።

ቀጥሎ ርቀቱን አስቡ። በምልክት ሥራ የተለመደው ልክ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። ባነሩ ከ12 ሜትር ላይ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ዋናው ጽሑፍ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እሱም ዝቅተኛው ነው።

አሁን የሚዛመደውን አቀራርቡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ዓይን ነገሮችን እንዴት እንደሚቧድን አሳይቷል። የተቀራረቡትን አንድ ወገን አድርጎ ያያል፤ የሚመሳሰሉትንም እንዲሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ይህንን በአንገቱ ያውቀዋል። ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ጣሪያውን ሞልተውታል። መጀመሪያ የምናየው አንዱን መልአክ ሳይሆን ሙሉውን ጣሪያ ነው። ቆይተን ነው አንዱን ፊት ከሌላው ፊት የምናወዳድረው። በባነሩም ምግቦቹ አንድ ዓይነት መጠንና ቀለም ይዘው አንድ ቦታ ይቀመጡ። ስልክና አድራሻም አብረው ይሁኑ። በሁለቱ መካከል ግን ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ።

ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ክፍተቱን ያይና «ይሄ ቦታ ለምን ባከነ? በካሬ እኮ ነው የከፈልኩት!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ገንዘብ ነው። በቃል ከመከራከር ሁለት ናሙና ሠርታችሁ አሳዩት፤ አንዱ የታጨቀ፣ ሌላው ክፍተት ያለው። ሁለቱንም ከክፍሉ ጥግ ሆኖ ይያቸውና ራሱ ይምረጥ። እኔ በዚህ አልደራደርም። ምግቦቹ ከስድስት ወደ ሦስት ይውረዱ እንጂ ክፍተቱ አይነካም።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ጎንደር ላይ ፋሲል ግንብ የሌለበት ማስታወቂያ ማግኘት ይከብዳል። ቢኖርም አልቃወምም። ችግሩ ጽሑፉን ድንጋዩ ላይ መለጠፍ ነው። የግንቡ ድንጋይ በራሱ ብዙ መስመርና ጥላ አለው፤ ፊደሉ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ግንቡን ወደ አንድ ዳር ግፉትና ጽሑፉን ሰማዩ ላይ አሳርፉት። ግማሹ ቢቆረጥም አትጨነቁ። ክብ ማማውና ጉልላቱ ከታዩ የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። የሰው ፎቶ ካለ ደግሞ ፊቱ ወደ ጽሑፉ ይዙር። ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ተመልካቹንም ይዞት ይወጣል።

ፊደል ስትመርጡ የግዕዝን ጠባይ አትርሱ። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው ትንሿ ቅጥል ያለችበት ቦታ ነው፤ አንዷ እግሩ መሃል፣ ሌላዋ እግሩ ሥር። በጽሑፉ ዙሪያ ወፍራም ጠርዝና ጥላ ስትጨምሩ ይህቺ ቅጥል ትዋጣለች። ከሩቅ ሲታይ «ቡና» ይሁን «ቢና» እንጃ። ኮምፒውተሩ በግድ የሚያወፍረውን ቦልድ ተዉትና ከመነሻው ወፍራም ሆኖ የተሳለ ፎንት ፈልጉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም አለው። ፊደሎቻችን መስመሩን ስለሚሞሉት በመስመሮቹ መካከልም ከላቲኑ ትንሽ ሰፋ አድርጉ። ጽሑፉን ሁሉ መሃል ላይ ከመደርደር በግራ ማስያዝ ይሻላል፤ ዓይን የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ቀለሙን ለመፈተን ዲዛይኑን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀይ በአረንጓዴ ላይ በቀለም ሲታይ ደማቅ ነው። በጥቁርና ነጭ ግን ሁለቱም ግራጫ ሆነው ሊዋሃዱ ይችላሉ። ኮንትራስት፣ ማለትም የብርሃንና የጨለማ ልዩነት፣ የሌለው ነገር ያኔ ይጋለጣል።

ከማተማችሁ በፊት ዲዛይኑን ወደ ስልካችሁ ላኩት። 2 ሜትር ስፋት ያለው ባነር ከ12 ሜትር ሲታይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከተያዘ ስልክ የስክሪን ስፋት ጋር ይቀራረባል። ስልኩን በቁሙ ያዙ፤ ዙም አታድርጉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁም እዩት። መጀመሪያ የታያችሁ የመረጣችሁት ትልቅ ነገር ካልሆነ ወደ እርከኑ ተመለሱ። ከዚያ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ወዲያው ደብቁት፤ ምን እንዳየ ጠይቁት።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ጽሑፉንም ወደ ከርቭ ቀይሩት፤ ፊደሉ ፎንት የማይፈልግ የመስመር ሥዕል ይሆናል ማለት ነው። ካልቀየራችሁት ግን ፎንቱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ሌላ መልክ ይይዛል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ለእርማት የሚሆን አንድ ያልተቀየረ ኮፒ ግን እናንተ ጋ ይቅር። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብበው።