በኢንሰርት ከተር አረብ ብረት ላይ ቦይ ሲወጣ ፍጥነትና ፊድ እንዴት ይመረጣል

በፍሬዛ ማሽን ከሚሠሩ ሥራዎች መካከል ከተሩ (የሚሽከረከረው መቁረጫ) በሙሉ ስፋቱ ብረት ውስጥ ገብቶ ቦይ የሚያወጣበት ሥራ ኢንሰርትን፣ ማለትም በከተሩ ላይ በብሎን የሚታሰረውን ተለዋጭ ጥርስ፣ ክፉኛ የሚፈትን ነው። ከተሩ የዲያሜትሩን ሩብ ብቻ እያስገባ ጎን ሲቆርጥ እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ዙር ብረት ውስጥ የሚቆየው 60 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ቦይ ውስጥ ግን 180 ዲግሪ፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ይቆያል። ለመቀዝቀዝ የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል፤ የተቆረጠው ቺፕም (የብረት ፍቅፋቂ) ግራና ቀኙ ግድግዳ ስለሆነ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ በኢንሰርቱ ማሸጊያ ላይ የታተመውን ፍጥነት (የጥርሱ ጫፍ በደቂቃ የሚሄደውን ሜትር) እንዳለ ወስዶ ቦይ ላይ መጠቀም አይገባም።

ከቁጥሩ በፊት ከተሩ ይመረጥ። ለቦይ የሚሻለው ጥርሱ ጥቂት፣ በጥርሶቹም መካከል ሰፊ የቺፕ ማረፊያ ያለው ነው። ባለ 32 ሚሊሜትር ከተር ሦስት ኢንሰርት ቢኖሩት በማንኛውም ቅጽበት የሚቆርጡት አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ አምስት ቢኖሩት ግን ሁለት ወይም ሦስት ስለሚሆኑ ማሽኑ የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል፣ የቺፑም ቦታ ይጠብባል። ለአረብ ብረት የሚሆነው ኢንሰርት «ፒ» በሚለው ፊደልና በሰማያዊ ቀለም ይለያል፤ ከዚያም ውስጥ ፒ30 አካባቢ ያለው፣ ከጥንካሬው ይልቅ ድንጋጤ መቻሉ የሚያመዝነው፣ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ከተሩም ከስፒንድሉ (ከተሩን ከሚያዞረው የማሽኑ ዘንግ) አፍ በተቻለ መጠን አጥሮ ይታሰር፤ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መታጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናልና።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። የሚቆረጠው ሲ45 የተባለው መካከለኛ ካርቦን ያለው አረብ ብረት፣ ከተሩም ባለ 32 ሚሊሜትርና ባለ ሦስት ኢንሰርት ነው እንበል። ለጎን ቆረጣ በደቂቃ 200 ሜትር የሚፈቀድለት የተቀባ ካርባይድ (ስስ ልባስ ያለው በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ከሆነ፣ ለቦይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ በደቂቃ 150 ሜትር አካባቢ መጀመር ተገቢ ነው። የስፒንድሉ ዙር የሚገኘው ፍጥነቱን በ1000 አባዝቶ፣ ውጤቱን ለ3.14 እና ለዲያሜትሩ ብዜት በማካፈል ነው፤ ይህም በደቂቃ 1490 ዙር ገደማ ይሆናል። የጠረጴዛው ፊድ (ሥራው ወደ ከተሩ በደቂቃ የሚገፋበት ርቀት) ደግሞ የዙሩ፣ የጥርሱ ቁጥርና የአንድ ጥርስ ፊድ (በአንድ ዙር ለአንድ ጥርስ የሚደርሰው ርቀት) ብዜት ነው። ለአንድ ጥርስ 0.12 ሚሊሜትር ብንሰጥ በደቂቃ 536 ሚሊሜትር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ኢንሰርት የሚበላ ልማድ አለ። ባለሙያው የማሽኑ ድምፅ ሲከብድበት ዙሩን ሳይነካ ፊዱን ብቻ ወደ 150 ያወርዳል፤ ያን ጊዜ አንድ ጥርስ የሚደርሰው 0.034 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የካርባይድ ኢንሰርት ጫፍ እንዳይሰበር ሲባል በፋብሪካ ሆን ተብሎ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ተዶልዱሞ የሚወጣ በመሆኑ፣ ከዚህ የቀጠነ ቺፕ ሲሰጠው መቁረጡን ትቶ ብረቱን ይፈትጋል። ሙቀቱ በቺፑ መውጣት ሲገባው ወደ ኢንሰርቱና ወደ ሥራው ይገባል፤ ጫፉም ቶሎ ይበላል። የአንድ ጥርስ ፊድ እንግዲህ መጨረሻ ላይ ካልሆነ በቀር አይነካም። ማሽኑ ሲከብደው መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥልቀቱ ነው፤ ኢንሰርቱ በሙቀት እየተበላ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ።

ጥልቀቱ የሚወሰነው በሞተሩ አቅም ነው። በዚህ ዓይነት ብረትና በዚህ የቺፕ ውፍረት በደቂቃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ለማንሳት በግምት 0.05 ኪሎዋት ያስፈልጋል። በ3 ሚሊሜትር ጥልቀት በደቂቃ የሚነሳው 51 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ 2.6 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ በጊርና በቤልት የሚባክነው ሲታከልበት ከሞተሩ 3.2 ኪሎዋት ይፈለጋል ማለት ነው። ሞተሩ 2.2 ኪሎዋት ብቻ ከሆነ ይህ አይቻልም። ጥልቀቱ 1.5 ሚሊሜትር ሲደረግ ግን ከሞተሩ የሚፈለገው 1.6 ኪሎዋት ስለሚሆን፣ ፍጥነቱና ፊዱ ሳይነኩ ያው 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በመቁረጥ ያልቃል።

ዙሩ በጊር በሚለዋወጥበት ማሽን ላይ 1490 ላይገኝ ይችላል። ያሉት 1120 እና 1600 ከሆኑ ዝቅተኛው ይመረጥና ፊዱ እንደገና ይሰላ፤ 1120 በሦስት በ0.12 ሲባዛ 403 ሚሊሜትር ነው። ዙሩን አውርዶ ፊዱን በ536 መተው የአንድ ጥርስን ድርሻ ሳይታወቅ ወደ 0.16 ከፍ ያደርገዋል።

ከተሩ ከጠርዝ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ብረቱ ውስጥ እስኪሆን ድረስ ፊዱ በግማሽ ይቀነስ። ዳር የሌለው ዝግ ቦይ ከሆነ አስቀድሞ በድሪል መግቢያ ቀዳዳ ማውጣት ይሻላል፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ከተሮች መሃላቸው ስለማይቆርጥ በቀጥታ ወደ ታች አይወርዱም።

ቺፑን ከቦዩ ለማውጣት የታመቀ አየር ከማቀዝቀዣ ውሃ ይበልጣል። ጥርሱ በየዙሩ እየጋለ ወጥቶ ውሃ ሲያገኘው ጫፉን አቋርጠው የሚሄዱ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። አየሩ ግን ቺፑን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ቦዩ ውስጥ የቀረ ቺፕ ደግሞ በሚቀጥለው ጥርስ ዳግመኛ ተቆርጦ ኢንሰርቱን ይሸርፋል። በአየር ሲሠራ ቺፑ ሩቅ ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ ማድረግና በአካባቢው ማንም እንዳይቆም ማድረግ ግዴታ ነው።

ጥቂት ከተቆረጠ በኋላ ማሽኑን አቁሞ ጫፉን በአጉሊ መነጽር ማየት ቀጣዩን ቁጥር ይነግራል። ብረት ጫፉ ላይ ተለጥፎ ከተገኘ ፍጥነቱ አንሷልና ይጨመር። የጎኑ ፊት በእኩል መጠን ቶሎ ከተበላ ፍጥነቱ በዝቷል። ጫፉ ከተሸረፈ ግን ቁጥሩን ከመቀየር በፊት ሥራው በሞርሳው በደንብ መያዙ፣ የኢንሰርቱ መቀመጫ መጽዳቱና ብሎኑ በትክክል መጥበቁ ይመርመር።

ስፋቱ በልክ የሚፈለግ ቦይ በአንድ ጊዜ አይጨረስም፤ በሙሉ ስፋት የሚቆርጥ ከተር ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋ ቦዩ ይጣመማል ወይም ከልኩ ይሰፋል። ለ36 ሚሊሜትር ቦይ በባለ 32 ከተር መሃሉን አውጥቶ ሁለቱን ግድግዳዎች ለየብቻ መጨረስ ይሻላል። ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰው ዊንጭ (ረጅም ብሎን) ተበልቶ ክፍተት በፈጠረበት አሮጌ ማሽን ላይ ግድግዳው የከተሩ ጥርስ ከጠረጴዛው እንቅስቃሴ በተቃራኒ በሚቆርጥበት አቅጣጫ ይጨረስ፤ አለዚያ ከተሩ ጠረጴዛውን ድንገት ስቦ ኢንሰርቱን ሊሰብር ይችላል።