«አንቺ ምን አስለፋሽ?»፦ ፍቅር ውስጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍቅር ጓደኛዬ ጋር አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጠናል። አስተናጋጇ መጣች። አፌን ሳልከፍት እሱ «ለእሷ ማኪያቶ፣ ነጣ ያለ» አለ። እኔ የምወደው ጥቁር ቡና ነው። ማኪያቶውን ግን ጠጣሁት። የሚያስብልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር።

ስድብ የሌለበት ንቀት እንዲህ ነው ፍቅር ውስጥ ሾልኮ የሚገባው። ፒተር ግሊክና ሱዛን ፊስክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ሴትን በግልጽ ማጥላላትና «ደካማ ስለሆነች እንጠብቃት» ማለት አብረው የሚሄዱ አመለካከቶች መሆናቸውን አሳይተዋል።

አንደኛው ስህተት፦ እየተንከባከቡ መወሰን። ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ የማታ ፈረቃ ያለው ሥራ አግኝቼ ነበር። ደሞዙ ካለሁበት ይሻላል። ጓደኛዬ እጄን ይዞ፣ በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ምን አስለፋሽ? እኔ አለሁልሽ» አለኝ። ሥራውን ተውኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተለያየን። «አለሁልሽ» ያለኝ ሰው ሄደ፤ ደሞዜ ግን እዚያው ድሮ የነበረበት ቀረ። በእርግጥ ማታ ታክሲ ይጠፋል፣ መንገዱም ያሰጋል። ስጋቱን አልነቅፍም። የሚያስብ ሰው ግን «በምን ትመለሻለሽ? ልምጣ?» ይላል።

ሁለተኛው፦ በሙገሳ ሥራ መጫን። «እጅሽ ይጣፍጣል፣ እንዳንቺ ማን ይሠራል?» ይባላል። ሁለቱም ሥራ ውለዋል፣ ሁለቱም የታክሲ ሰልፍ ቆመው ነው የገቡት። ቤት ሲደርሱ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እሱ ኳስ ያያል። ሽንኩርት ለመክተፍ እኮ ልዩ ተሰጥኦ አያስፈልግም!

ሦስተኛው ሂሳብ ነው። ወንድ መክፈሉ ችግር የለውም። የከፈለ ሁሉንም ይወስናል ሲባል ነው ችግሩ።

«ወንድ የቤቱ ራስ ነው» የሚለውንም ብዙ ጨዋ ሰው በቅንነት ይናገረዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደንግጓል። ሕጉ ተለውጦ ሳለ እኛ ሽምግልና ላይ አሁንም «ታዘዢው» እንላለን።

የመጨረሻው የእኛ የሴቶቹ ነው። «ካልቀና አይወደኝም» እንባባላለን። እህቴ፣ «በሰላም ገባሽ?» ማለት ሌላ ነው፤ «ከማን ጋር ነሽ? ፎቶ ላኪልኝ» ማለት ሌላ ነው። እኔ ፎቶውን እልክ ነበር። ቀስ በቀስ ከጓደኞቼ ጋር መውጣት ተውኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ ነው።