ኮዱን ለማንም አትስጡ፦ ለጅማ ተማሪዎች የስልክና የኢንተርኔት ጥንቃቄ

ጅማ ውስጥ ቴሌግራም የማይጠቀም ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ሃንዳውቱ፣ የክፍል ግሩፑ፣ የፈተና ፕሮግራሙ፣ የአሳይመንት ክፍፍሉ ሁሉ እዚያው ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ከየት ይጀመር ቢባል መልሱ ከቴሌግራም ነው። እሱ ከተወሰደ ሌላውም ይከተላል።

ስርቆቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይፈጸማል። ከምታውቁት ሰው አካውንት «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጡኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ሊንኩ ሲከፈት ስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ከቴሌግራም የደረሳችሁን ባለ 5 አሃዝ ኮድ አስገቡ ይላል። ያ ኮድ ለድምፅ መስጫ ሳይሆን አካውንታችሁን ሌላ ስልክ ላይ ለመክፈቻ ነው። ሊንኩን የላከላችሁ ጓደኛም ቀድሞ የተሰረቀ ነው፤ ስለዚህ «የማውቀው ሰው ነው የላከው» የሚለው መተማመኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

መከላከያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ክፈቱና የይለፍ ቃል አስገቡ። ከዚያ በኋላ ሌባው ኮዱን ቢያገኝም ይህን ሁለተኛ በር ማለፍ አይችልም። የይለፍ ቃሉ በ09 የሚጀምረው ስልክ ቁጥራችሁ አይሁን፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላትን መደርደር ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ግን ይከብዳል። የይለፍ ቃሉ ቢረሳ ማስመለሻ የሚሆን ኢሜይል ሲጠየቅ ዛሬም ከፍታችሁ የምትገቡበትን ስጡ። ኢሜይል ሳይሰጡ የይለፍ ቃሉን የረሱና አካውንታቸው በሌላ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ክፍት ያልሆነ ተማሪዎች የሚቀራቸው አካውንቱን ከነመልእክቱ ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እዚያው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ለማንም እንዳይታይ፣ ግሩፕ ውስጥም ከምታውቋቸው ሰዎች በቀር ማንም እንዳያስገባችሁ አድርጉ።

ኮዱን ሰጥታችሁ ከሆነስ? ሰዓት አታባክኑ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድም። በእነዚያ ሰዓታት ሌባው እናንተን ማስወጣት አይችልም፤ እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ሴቲንግስ፣ «ዲቫይስስ»፣ ከዚያ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»። ወዲያው የይለፍ ቃሉን አስገቡ፤ ከዚያ ለቤተሰብና ለክፍል ተጠሪ ደውላችሁ ንገሩ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይሁን፤ ሌባው በስማችሁ «ትንሽ ብር በቴሌብር አበድሩኝ» እያለ ሲጽፍ ሰንብቶ ሊሆን ይችላልና ጽሑፍ የሚያምናችሁ አይኖርም።

ሌላው ቀዳዳ ፕሪንት ቤት ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም ሆነ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በኩል፣ ሪፖርት ማስረከቢያው ሲደርስ ሁሉም ተሰልፎ ይቸኩላል፤ በችኮላ ቴሌግራሙን የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ፣ ፋይሉን አውርዶ፣ ሳይዘጋ ይሄዳል። መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም፤ አካውንቱ ክፍት ሆኖ ለቀጣዩ ደንበኛ ይቆያል። ከዚያ ቤት ስትወጡ በስልካችሁ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን ኮምፒውተር ሁሉ አስወጡ። የተሻለው ግን አንድ ፍላሽ ለፕሪንት ብቻ መመደብና የሚታተመውን ፋይል ብቻ በፒዲኤፍ ይዞ መሄድ ነው። ፍላሹ ሲመለስ ፎልደሮቹ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ በቫይረስ ተይዟል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደበቁ እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን በፍጹም አትንኩ፤ ቫይረሱን ወደ ላፕቶፓችሁ የሚያሻግረው ያ ነው። በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፤ በዊንዶውስ «ቪው» ስር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብርታችሁ ፋይሎቹን አውጡ፤ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ በፍላሽ ብቻ አይቀመጥም። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

ግሩፕ ላይ የሚመጣ «ሃንዳውት» የፋይል ስሙ መጨረሻ ፒዲኤፍ (pdf) መሆኑን እዩ። ኤፒኬ (apk) የሚል ከሆነ መጽሐፍ ሳይሆን ስልካችሁ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ መልእክቶቻችሁን፣ የባንክ ኮድንም ጨምሮ፣ ሊያነብ ይችላል። መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ጫኑ።

በቴሌብር በኩል የተለመደው «በስህተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ነው። ገንዘብ ገባ የሚለው መልእክት ከተራ ስልክ ቁጥር የተላከ ሐሰት ሊሆን ይችላል። መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሂሳባችሁን እመኑ፤ መተግበሪያውን ክፈቱ ወይም *127# ደውሉ። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ አትመልሱ፤ ላኪው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ያስመልስ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ «ፈተናው እጃችን ገብቷል» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ማስረጃ ብለው የሚያሳዩት አሠራሩን ለማያውቅ ያሳምናል። ከፈተናው ቀን በፊት አንድ ተራ ፋይል ይለጥፋሉ፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ያንኑ ፖስት አርመው እውነተኛውን ፈተና ይተኩበታል። ቴሌግራም የመጀመሪያውን ቀን ስለሚያሳይ ቀድሞ የወጣ ይመስላል። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። ለእንዲህ ያለ ቻናል ተከፍሎ የሚመለስ ብር የለም፤ ከብሩ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ልጁ ሳያጠና ያሳለፋቸው ሳምንታት ናቸው።

አካውንት ስትከፍቱ የልደት ዓመታችሁን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይሩ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ «2003» ብሎ ከሞላ መተግበሪያው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጥረውና ለታዳጊ የተዘጋውን ይከፍትለታል። አካውንቱ ተቆልፎ መታወቂያ ሲጠየቅም ቀኑ አይገጥምለትም።

ያልተረጋገጠ ወሬ ስለማሰራጨት ሕጉን እወቁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክ ማድረግን ወይም ታግ ማድረግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም፤ ለብዙ ሰው መልሶ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። አንድ ሰው የግል ፎቷችሁን ይዞ «ካልከፈልሽ እለቅቀዋለሁ» ወይም «ካልከፈልክ» ካለ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው መክፈል እንደሚችል ነው ያሳየው፤ ጥያቄው ይጨምራል እንጂ አይቆምም። ንግግሩን ከንዴት የተነሳ አታጥፉ። ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ዛቻው አብረው እንዲታዩ ስክሪንሾት አንሱ፤ ከዚያ ብሎክ አድርጉ። በኮምፒውተር አማካኝነት ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ማስረጃውን ይዛችሁ ከምታምኑት ሰው ጋር፣ ከታላቅ እህት፣ ከአክስት ወይም ከመምህር ጋር፣ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ጥፋቱ የዛተው ሰው እንጂ የእናንተ አይደለም። ፎቶው ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ ላይ እንዳይወጣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ «ቴክ ኢት ዳውን»፣ ከዚያ በላይ ለሆኑ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባሉ ነጻ አገልግሎቶች አሉ። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም፤ የሚላከው ከፎቶው የተሠራ የቁጥርና የፊደል አሻራ ብቻ ነው፤ ድርጅቶቹም በዚያ አሻራ ፎቶውን ለይተው ያግዱታል።