ቡናማውን ቶሎ አትመኑት

እኔ የመገጣጠሚያ ሥጋ ላይ ቲኤንኤፍ አልፋን የምፈልገው በአንቲቦዲ፣ ማለትም የሚፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ያለበት ቦታ ቡናማ ይቀልማል። ቲኤንኤፍ የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ነው። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ በሚያጠቃበት በሽታ፣ በሩማቶይድ አርትራይተስ፣ እነ ኢንተርሉኪን 1ን የመሰሉ ሌሎች የብግነት መልእክተኞችን ከኋላው ያስነሣል። ለንደን ላይ ተመራማሪዎቹ እነ ፌልድማንና ማይኒ ይህንን ተከትለው ነው እ.ኤ.አ. በ1992 ፀረ-ቲኤንኤፍ መድኃኒት ለሕመምተኞች የሰጡት።

ሥጋው የሚመጣልኝ ጉልበት ሲቀየር ነው። ሕመምተኛዋ ፈርማ የሰጠችን ስለሆነ ላባክነው አልፈልግም። ከቀዶ ጥገና ክፍል እንደወጣ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ከደረቀ በኋላ ምንም አያድነውም። ከዚያ ፓራፊን ሰም፣ ከዚያ 4 ማይክሮን ቁራጭ በመስታወት ስላይድ ላይ። ሰሙን በዛይሊን አስለቅቃችሁ በአልኮል በኩል ወደ ውኃ መልሱት።

ፎርማሊን ፕሮቲኑን አስሮ ስለሚይዝ አንቲቦዲው አያገኘውም። ስለዚህ ስላይዱን ፒኤች 6 በሆነ ሲትሬት ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ለ20 ደቂቃ ያህል አሙቁት። ሊፈላ ይድረስ እንጂ አይንተክተክ። ከተንተከተከ ይህ ሥጋ ስብ ስላለበት ከመስታወቱ ተላቆ ይሄዳል። እዚያው ባፈሩ ውስጥ ይቀዝቅዝ።

ቀጥሎ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 10 ደቂቃ። ያበጠ መገጣጠሚያ ቀለሙን የሚያወጣው ኢንዛይም፣ ፐርኦክሲዴዝ፣ የራሱ ስላለው ካልተዘጋ ያለ አንቲቦዲም ቀለም ያወጣል። አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይለጠፍ በሴረም ከሸፈናችሁት በኋላ አንቲቦዲውን ጨምሩና እርጥብ ሶፍት በተነጠፈበት ክዳን ያለው ሣጥን፣ በ4 ዲግሪ አሳድሩት። ጠርዙ ከደረቀ ዙሪያውን ውሸት ይቀልማል። በማግስቱ የመጀመሪያውን የሚይዘውና ፐርኦክሲዴዝ የተሸከመው ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ከዚያ በኢንዛይሙ ቡናማ የሚሆነው ዳብ። ዳብ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ጓንት አድርጉ፤ ሲንክ ውስጥም አትድፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ስላይድ ቡናማ በቡናማ ሆኖ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ አለቃዬን ጠራኋት። አንዴ በማይክሮስኮፑ አየችና «ያለ አንቲቦዲ የሠራሽው የታል?» አለችኝ። አወጣሁት። እሱም ቡናማ ነው! ቀረብ ብዬ ሳየው ወርቃማ፣ ሻካራ፣ እንደ አሸዋ የተበተነ ፍሬ ነበር። በዚህ በሽታ መገጣጠሚያው ውስጡ ይደማል፤ የደሙ ብረት እዚያው ይቀራል። ብረትን ሰማያዊ በሚያደርገው በፐርልስ ቀለም ስንፈትሸው ያ ሁሉ ቡናማ ሰማያዊ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር ሌሎች ስላይዶች አብረው ይሠራሉ። አንዱ ለብረት። አንዱ ከዚያው ዝርያ በመጣ፣ ግን ቲኤንኤፍን በማያውቅ አንቲቦዲ፣ በእኩል መጠን። አንዱ ቲኤንኤፍ እንዳለበት በተረጋገጠ ሥጋ። አንዱ ደግሞ የማክሮፌጅ ምልክት የሆነውን ሲዲ68ን በሚይዝ አንቲቦዲ፣ ማክሮፌጆቹ (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) የት እንዳሉ እንዲያሳየኝ። እውነተኛው ቀለም በአብዛኛው እነሱ ውስጥ፣ በተለይ ላይኛው ሽፋን ላይ ይገኛል።

የመገጣጠሚያውን ፈሳሽ በኤላይዛ፣ ማለትም ፕሮቲኑን በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል ይዞ በሚለካ ምርመራ፣ የምትለኩም ተጠንቀቁ። በብዙ ሕመምተኞች ውስጥ ያለው፣ ሌሎች አንቲቦዲዎችን የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ሩማቶይድ ፋክተር፣ ሁለቱን አንቲቦዲዎች ራሱ አያይዞ ቲኤንኤፍ ሳይኖር ከፍተኛ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ይህን የሚያግድ ባፈር ጨምሩበትና እንደገና ለኩት።