ፈረንጁ ሲቀዘቅዝብን፦ እኛ አስተናጋጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አለ። ግቢያችን ከዚያ ሩቅ አይደለም። እናቴ ሰርቪሷን ለውጭ ሰዎች ታከራያለች፤ ብዙዎቹ ለማስተማር ወይም ለጤና ሥራ የሚመጡ ናቸው። ሲመጡ ሀገር ሊያቀኑ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ጥያቄያቸው አንድ ይሆናል፦ "ውኃ መጣ?" ጥፋቱ ግን የነሱ ብቻ አይደለም። እኛም እናዋጣበታለን።

የመጀመሪያውን ወር ማመን። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያሉ፣ ቡናው ሲቆላ ፎቶ ያነሳሉ፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ገዝተው መጽሐፍ ይደረድሩበታል። እኛም "ወደደን!" እንላለን። ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጊዜ ከጫጉላ ጋር አመሳስሎታል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሀገር ልጅ ጋር ተሰብስቦ የተቀመጡበትን ሀገር ማማት ነው። ስለዚህ ሲያማን አንደንግጥ፤ ወጉ ነው።

ጉድን መደበቅ። ይሄኛው የኛ ቤት ስህተት ነው። የመጀመሪያው ተከራይ ሊገባ ሲል እማዬ በርሜሉን አስሞላች። ውኃ በጠፋ ቁጥር እኔና ወንድሜ ከጎረቤት በጄሪካን እየቀዳን፣ እሱ ሳያይ እንገለብጥበታለን። እንግዳ ነዋ! በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ታመመ፣ እኔም ፈተና ነበረብኝ፣ በርሜሉ ደረቀ። ሰውዬው ሳሙና በፀጉሩ እንዳለ ወጥቶ ግቢው መሃል ቆመ። ከዚያ በኋላ የምንነግረውን ነገር ሁሉ መጠራጠር ጀመረ። ለሁለተኛዋ ተከራይ እማዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ባልዲና ጣሳ ሰጠቻት። "የኔ ልጅ፣ ውኃ ሲመጣ ቅጂ፤ ሲጠፋ በዚህ ነው" አለቻት። አስተረጎምኩላት። መንገድ ሲዘጋም ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የሰማ ሰው ቢናደድ እንኳ ተታለልኩ አይልም።

በይሉኝታ "እሺ" ማለት። "ደብዳቤው ነገ ይደርሳል?" "እሺ፣ ችግር የለም።" ለኛ እኮ ይሄ ሰላምታ ነው። ሁለተኛዋ ተከራያችን ግን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደግሞ "ሦስት ሰዓት ነይ" ተባለች። ጠዋቱን ማለታቸው ነው፤ እሷ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ደረሰች። የቢሮው ሰዎች ስብሰባ ገብተዋል። አንድ ደብዳቤ ሳምንት ፈጀ። ቁርጡን ንገሯት! "ነገ አይደርስም፤ ሐሙስ ጠዋት፣ በናንተ ዘጠኝ ሰዓት" ማለት ምን ይከብዳል?

ሲያማርር መቆጣት፣ ወይም አብሮ ማማረር። "ታዲያ ማን ና አለህ?" የሚለው አፉን ያዘጋዋል። "ይቺ ሀገር አይነጋላትም" የሚለው ግን፣ በኔ ግምት፣ ይብሳል። እኛ ብለን ብለን ሲወጣልን እራታችንን በልተን እንተኛለን። እሱ እንደ ምስክርነት ይይዘዋል። ስለ ሀገር ከማውራት "ዛሬ ምን ገጠመህ?" ማለት ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚያበግነው ሀገሪቱ አይደለችም፤ የባጃጅ ሂሳብ ነው።

ወዳጅነቱን በጥያቄ መጨረስ። ስኮላርሺፕ፣ ስፖንሰር፣ ስልክ። ሁለት ቡና ሳይጠጡ የሚጠይቁ አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ባልል ይሻላል፤ እኔም ላፕቶፕ ጠይቄ አውቃለሁ።

በእንግሊዝኛ ብቻ ማዋራት። እንግሊዝኛችንን ልናሻሽልበት እንፈልጋለን፤ እውነቱ ይሄ ነው። ግን ሂርማታ ገበያ ላይ "አካም ጂርታ?" ያለ ሰውና "ሀው ማች?" ያለ ሰው እኩል አይስተናገዱም። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ትንሽ ትንሽ ይሞክር። ሲሳሳት መሳቅ ይቻላል፤ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ግን አይረዳውም።

ዝምታውን ጥላቻ ማድረግ። የአሜሪካ ሰላም ጓዶች (የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች) ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው ሲመጡ የአገልግሎት ጊዜያቸው ሁለት ዓመት ነበር። ድሮ ያ ሁሉ ጊዜ ለምን አስፈለገ እል ነበር። ሁለተኛዋ ተከራያችን በስምንተኛው ወር ፎቶ ማንሳት አቆመች። እማዬ "ጠላችን" ብላ ከፋት።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ቡና እየተፈላ መብራት ጠፋ። ፊቷን አየሁት። "ሄደ ደግሞ!" ብላ ሳቀች። በርጩማዋ ላይ የነበሩትን መጻሕፍት አልጋ ላይ ገለበጠቻቸው፤ ከከሰሉ አጠገብ አምጥታ ተቀመጠችበትና ማራገቢያውን ከእማዬ እጅ ወሰደች።