አንድ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ሲጫን፦ የሚሠራውን ቅጂ መለየትና ትርፉን ማስወገድ

ትናንት የነበሩት ቡክማርኮች ዛሬ ፋየርፎክስ ሲከፈት የሉም። ለአንድ የቴሌግራም መልእክት ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰማል። ጠዋት የታደሰው ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ተመልሶ «አዲስ እትም አለ» ይላል። ሰነድ ሲከፈት የሚመጣው አሮጌው ዎርድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም ብዙ ሰው ቫይረስ ይጠረጥራል፣ ወይም ፕሮግራሙን አውርዶ እንደገና ይጭናል። ምክንያቱ የአንድ ፕሮግራም ሁለት ቦታ መጫን ከሆነ ግን እንደገና መጫን ሦስተኛ ቅጂ ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ ምንም ከማጥፋትም ሆነ ከመጫን በፊት ሁለት ነገር ይታወቅ፦ አሁን የተከፈተው የትኛው ቅጂ ነው? የእርስዎ ሥራስ የተቀመጠው የትኛው ቅጂ በሚጠቀምበት ፎልደር ውስጥ ነው? ይህን ሳያውቁ ትርፍ የመሰለውን ማጥፋት የዓመት ሥራ ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው ቅጂ ከየት ይመጣል

ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦታ አንድ አይደለም። ለሁሉም ተጠቃሚዎች የሚጫን ባለ 64 ቢት ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ይገባል። ባለ 32 ቢቱ በስሙ መጨረሻ ኤክስ 86 የተጻፈበት ሌላ «ፕሮግራም ፋይልስ» አለው። የአድሚን ፈቃድ ሳይጠይቅ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚው ፎልደር ሥር፣ «አፕዳታ» በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደው ደግሞ «ዊንዶውስ አፕስ» ወደሚባል የተቆለፈ ፎልደር ይሄዳል። በዚህ ላይ ከፍላሽ ተገልብጦ ሳይጫን የሚሠራው ፖርተብል ቅጂ አለ፤ እሱ ያለው የተገለበጠበት ቦታ ነው፣ ዴስክቶፕም ይሁን ዲ ድራይቭ።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ባለሙያው ከፍላሽ አንድ እትም ይጭናል፣ ባለቤቱ ደግሞ በኋላ አዲሱን ከድረ ገጹ ያወርዳል። አዲሱ ባለ 64 ቢት፣ የቀድሞው ባለ 32 ቢት ከሆነ፣ ወይም አንዱ ለሁሉም ሌላው ለአንድ ተጠቃሚ የተጫነ ከሆነ፣ ብዙ ጫኚዎች የቀድሞውን አያነሱትም። ሁለቱም በየራሳቸው ስለሚታደሱ የኢንተርኔት ፓኬጁንም በእጥፍ ይበላሉ።

የሚሠራው የትኛው ነው

ፕሮግራሙን እንደወትሮው ይክፈቱ፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ «ዲቴይልስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። የዓምዶቹን ርዕስ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሴሌክት ኮለምስ» ውስጥ «ኢሜጅ ፓዝ ኔም» እና «ፕላትፎርም» የሚሉትን ምልክት ያድርጉባቸው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ የተነሣበትን ሙሉ አድራሻ፣ ሁለተኛው ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክሮም ወይም ኤጅ በዝርዝሩ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ቢታይ ሃያ ቅጂ ተጭኗል ማለት አይደለም፤ ብራውዘሮች ታቦችንና ኤክስቴንሽኖችን በየተለያየ ፕሮሰስ (ለየብቻው በሚሠራ ክፍል) ስለሚያሠሩ ነው። መመልከት ያለብዎት አድራሻውን ነው። ሁሉም ከአንድ ፎልደር ከተነሡ ቅጂው አንድ ነው፤ የፋይሉ ስም አንድ ሆኖ ፎልደሩ ሁለት ከሆነ ግን የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

ቀጥሎ ሁለቱን አድራሻዎች፣ የእትም ቁጥራቸውንና የየትኛው ሾርትከት መድረሻ እንደሆኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የእትም ቁጥሩ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ሲሉ ይገኛል። ሾርትከቶችን አንድ በአንድ ይዩ፦ ዴስክቶፕ ላይ ያለው፣ ታስክባር ላይ የተሰካው፣ ስታርት ሜኑ ውስጥ ያለው። ታስክባር ላይ የተሰካ ሾርትከት የድሮውን አድራሻ ይዞ ይቀራል። አዲሱ ቅጂ እየታደሰ እርስዎ በየቀኑ የሚከፍቱት አሮጌውን ከሆነ የ«አድስ» ማሳሰቢያው የማያልቀው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ሴቲንግስ ውስጥ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ይባላል። ስሙ ሁለት ጊዜ ከታየ ሁለቱም በደንቡ ተጭነዋል። ታስክ ማናጀር ላይ ሁለት አድራሻ አይተው እዚህ አንድ ብቻ ካገኙ ሌላው ፖርተብል ነው፣ ወይም በእጅ ፎልደሩ ተገልብጦ የመጣ ነው።

ከማስወገድ በፊት ዳታውን

ፕሮግራሙና የእርስዎ ዳታ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ በተለያየ ቦታ ነው። ሁለት ቅጂዎች አንድ የዳታ ፎልደር ሊጋሩ ይችላሉ፤ ያኔ አዲሱ እትም ዳታውን ወደ ራሱ አሠራር ሲቀይረው አሮጌው መክፈት ያቅተዋል። ወይም እያንዳንዱ የራሱ ፎልደር ይኖረዋል፤ ያኔ ሥራዎ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ ይቀራል። ሁለቱንም ቅጂዎች በየተራ ይክፈቱና የትኛው ሙሉ እንደሆነ ይመልከቱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይክፈቱ፤ ፋይል ሊቆላለፍ ይችላል። ከዚያ የሁለቱንም ዳታ ወደ ሌላ ድራይቭ ይገልብጡ።

ለማስወገድ ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ፦

1. ሁለቱንም ቅጂዎች ይዝጉ፤ ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቦታ ተደብቆ የሚሠራ ካለ እሱንም ይዝጉ።
2. የሚቀረውን ይምረጡ። በአብዛኛው ባለ 64 ቢቱና አዲሱ እትም ይሻላል፤ በባለ 32 ቢት ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ፕለጊን ወይም ድራይቨር ካለዎት ግን ባለ 32 ቢቱን ያስቀሩ።
3. ትርፉን ከ«ኢንስቶልድ አፕስ» ውስጥ «አንኢንስቶል» ይበሉት። «ዳታውንም ላጥፋ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉ።
4. ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡ።
5. የቀረውን «ሪፔር» ያድርጉት (ይጠግኑት)፤ ይህ ምርጫ ከሌለው የዚያኑ እትም ጫኚ በላዩ ላይ ያስኪዱ።
6. አሮጌ ሾርትከቶችን ያጥፉና ከቀረው ቅጂ አዲስ ይስኩ። «ዲፎልት አፕስ» ውስጥ የፋይል ዓይነቶቹን ለቀረው ቅጂ ይስጡ።

አምስተኛው እርምጃ የሚዘለል አይደለም። ሁለቱ ቅጂዎች አንዳንድ የሬጅስትሪ መዝገብና (ሬጅስትሪ ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ማስተካከያ የሚይዝበት ቋት ነው) ፋይሎችን በጋራ ይጠቀሙ ስለነበር አንዱ ሲነሣ የሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም በደንቡ የተጫነን ፕሮግራም ፎልደሩን በመሰረዝ አያስወግዱ። ፎልደሩ ይጠፋል፣ ነገር ግን ሰርቪሱ፣ የማደሻ ቀጠሮውና የሬጅስትሪ መዝገቡ ይቀራሉ፤ አንኢንስቶለሩም አብሮ ስለሚጠፋ በኋላ በወጉ ማንሣት ያስቸግራል። በመሰረዝ የሚወገደው ፖርተብል ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም ዳታው ከወጣ በኋላ።

ፋየርፎክስና ቴሌግራም

ፋየርፎክስ ከእትም 67 (2019 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእያንዳንዱ የተጫነ ቅጂ የተለየ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቡክማርክና የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ፎልደር፣ ይሰጣል። ሁለተኛውን ቅጂ ሲከፍቱ ቡክማርክና የይለፍ ቃል የሌለበት ባዶ ፋየርፎክስ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳታው አልጠፋም፣ በሌላው ፕሮፋይል ውስጥ አለ። «ሄልፕ» ከሚለው ሜኑ «ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ሲከፍቱ የተነሣውን ቅጂ አድራሻና የፕሮፋይሉን ፎልደር ጎን ለጎን ያዩታል። እዚያው ካለው «አባውት ፕሮፋይልስ» ውስጥ ሙሉውን ፕሮፋይል መርጠው «ሴት አዝ ዲፎልት ፕሮፋይል» ይበሉ። አሮጌው ቅጂ የአዲሱን ፕሮፋይል ለመክፈት ሲሞክር ከሚያስጠነቅቀው መስኮት ጋር አይታገሉ፤ ማስጠንቀቂያው ዳታው እንዳይበላሽ የተቀመጠ ነው።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ የተጫነው፣ ፖርተብሉና የስቶሩ ዳታቸውን በተለያየ ቦታ ያስቀምጣሉ። ፖርተብሉ ዳታው ያለበትን «ቲዳታ» የሚባለውን ፎልደር ከራሱ አጠገብ ይይዛል። ሁለት ቦታ ለየብቻ ከገቡ አካውንትዎ ላይ ሁለት መሣሪያ ይመዘገባል፤ ሁለት ጊዜ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» ከፍተው የማይፈለገውን ያስወጡ፣ ከዚያ ቅጂውን ያንሡ። ሁለት ስልክ ቁጥር ስላለዎት ብቻ ሁለት ቴሌግራም አያስፈልግዎትም፤ አንዱ ውስጥ «አድ አካውንት» አለ።

ቲዳታን ገልብጦ በሁለት ኮምፒውተር ማሠራት ግን አይገባም። አንድ የመግቢያ ቁልፍ በተለያየ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሠራበት የቴሌግራም ሰርቨር መግቢያውን ሊሰርዘውና ከአካውንቱ ሊያስወጣዎት ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ ፎልደር በፍላሽ ላይ ከወጣ፣ የአፑን መቆለፊያ ኮድ ካላደረጉ በስተቀር፣ ፍላሹን ያገኘ ሰው የመልእክት ኮድ ሳይጠየቅ አካውንትዎ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተር

የሒሳብ ሥራ የሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ የሒሳብ መዝገብ መያዣ ፕሮግራም የሆነው ፒችትሪ ሁለት እትሞች ጎን ለጎን ማግኘት የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል የድርጅቱን መዝገብ አደጋ ላይ ይጥላል። አዲሱ እትም የካምፓኒውን ፋይል ሲከፍት ወደ ራሱ እትም ይቀይረዋል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው አይከፍተውም፣ ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድም የለም። ያለው መመለሻ ከመቀየሩ በፊት የተወሰደው ባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሮጌው እትም ገብተው ከ«ፋይል» ሜኑ «ባክ አፕ» ይውሰዱ፤ መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ ፋይል ይወጣል፣ ቀኑንና የእትሙን ቁጥር በስሙ ላይ ጽፈው ከኮምፒውተሩ ውጪ ያስቀምጡት። በኔትወርክ የሚሠራ ከሆነ ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት እትም ይኑራቸው።

ሌላው ጥንቃቄ ዳታቤዙ ነው። ሁለቱም እትሞች ፐርቫሲቭ በሚባለው የዳታቤዝ ሞተር ይሠራሉ። አንዱን ካነሡ በኋላ ሌላው «ዳታቤዙን አላገኘሁም» የሚል ዓይነት መልእክት ካመጣ፣ ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብለው ይፈልጉና ፐርቫሲቭ የሚለው ሰርቪስ መኖሩንና «ራኒንግ» ማለቱን ይዩ። ቆሞ ከሆነ ያስነሡት፤ ጭራሹን ከሌለ የቀረውን ፒችትሪ ከራሱ ጫኚ ይጠግኑ። ይህን ሥራ በወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ቀን አይጀምሩት።

ኦፊስ፣ አንቲቫይረስ፣ የአማርኛ ኪቦርድ

ኦፊስ 32 ቢትና 64 ቢት አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው እንዲሆኑ አይደግፍም። ሁለት የተለያየ ዓመት ኦፊስ ካለ ዎርድ በተከፈተ ቁጥር የማዋቀሪያ መስኮት የሚመጣው አንዱ እትም የፋይል ባለቤትነቱን ከሌላው ስለሚነጥቅ ነው። ከመንካትዎ በፊት የሚቀረው እትም ፈቃዱ በየትኛው አካውንት ወይም ቁልፍ እንደሆነ ያረጋግጡ። አልነሣ ያለውን ማይክሮሶፍት ራሱ ባዘጋጀው የኦፊስ ማስወገጃ ያንሡት።

ሁለት አንቲቫይረስ አብሮ ማስቀመጥ ጥበቃን አይጨምርም። ሁለቱም እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት መሐል ገብተው ስለሚመረምሩ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዱም የሌላውን ፋይል እንደ አደጋ ሊይዝ ይችላል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን የዊንዶውሱ ዲፌንደር ራሱ ወደ ጎን ይላል፤ ከሌላ ድርጅት የመጡ ሁለት አንቲቫይረሶች ግን እርስ በርስ እንደዚያ አይተዋወቁም። አንዱን በአምራቹ ማስወገጃ ያንሡ።

አማርኛ ሲጻፍ «ላ» በማለት ፈንታ «ልአ» የሚመጣ ከሆነ ሁለት መጻፊያ አብረው እየሠሩ እንደሆነ ይጠርጥሩ፤ ለምሳሌ ፓወር ግዕዝና ኪይማን፣ ወይም ከሁለቱ አንዱና የዊንዶውሱ የአማርኛ ኪቦርድ። አንደኛው ተነባቢውን ጽፎ አናባቢውን ሲጠብቅ አናባቢውን ሌላው ይቀማውና ፊደሉ ሳይጣመር ይቀራል። ሁለቱንም ዝጉና አንዱን ብቻ አስነሥታችሁ ሞክሩ። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ሲጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የማትጠቀሙበትን የአማርኛ ኪቦርድ በ«ላንጉዌጅ» ሴቲንግ በኩል አውጡት።

ማክ ላይ

ማክ ላይ የሚበዛው ስሕተት አፑን ከወረደው የዲስክ ምስል ውስጥ፣ ወይም ከ«ዳውንሎድስ» ፎልደር እንዳለ ማስነሣት ነው። ከኢንተርኔት የወረደ አፕ ወደ «አፕሊኬሽንስ» ሳይወሰድ ሲከፈት ማክ ኦኤስ ለጥንቃቄ ሲል ከጊዜያዊና ሊጻፍበት ከማይችል ቦታ ሊያስነሣው ይችላል፤ አፑ ራሱን ማደስ የሚያቅተው ያኔ ነው። አፑን ዝጉ፣ በፋይንደር ወደ «አፕሊኬሽንስ» ጎትቱት፣ የዲስክ ምስሉን «ኢጀክት» አድርጉ፣ ዶክ ላይ ያለውን አሮጌ ምልክት አውጥታችሁ ከአዲሱ ቦታ መልሱ።

ሁሉንም ቅጂዎች በአንድ ቦታ ለማየት ኦፕሽን ቁልፍን ይዛችሁ የአፕል ሜኑን ክፈቱና «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ግቡ፤ «ሶፍትዌር» ሥር «አፕሊኬሽንስ» የሚለው የእያንዳንዱን እትምና አድራሻ ይዘረዝራል። በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ የባክአፕ ቅጂም ሊቆጠር ስለሚችል ዲስኩን ነቅላችሁ ዝርዝሩን እንደገና እዩት። «ኦፕን ዊዝ» ውስጥ አንድ ስም ሁለት ጊዜ መታየቱ ካልቆመ ትርፉን ቅጂ ከጣላችሁ በኋላ ትራሹን ባዶ አድርጉና ማኩን አጥፍታችሁ አስነሡት።