የመዋኛ ገንዳ የምንሞላበትን ውኃ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው የግቢ ገንዳ 48,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ይህን ሁሉ ውኃ ሞልቶ ሲያበቃ «አልሆነም» ብሎ መድፋት፣ በተለይ ጎረቤት ውኃ በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ፣ ከባድ ጥፋት ነው።

የመጀመሪያውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስህተት ውኃን በዓይን መመዘን ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ እጅግ ጠርቶ ሳለ የሟሟ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ ክሎሪን ሲያገኘውም ብረቱ ወደ ዝገትነት ይለወጣል። ጠዋት ወለሉ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረ ገንዳ ክሎሪን በተጨመረበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ መስሎ፣ ደረጃው ላይ ያለው ነጭ ሴራሚክም ቡናማ ቀለም ይዞ ራሴ አይቻለሁ። ቆሻሻውን ለማስለቀቅ የወጣው ድካም በአንድ ነጭ ባልዲ ሊቀር ይችል ነበር፦ ባልዲውን በጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርጎ እስከ ማግስቱ ማቆየት። ውኃው ከቀላ ወይም ከሥሩ ዝቃጭ ከተኛ፣ ሳይጣራ ወደ ገንዳ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ስህተት ፒኤችን፣ ማለትም የውኃውን የአሲድነት ወይም የአልካሊነት ልክ፣ አለመለካት ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ስለሚሰጡ የገንዳው ፒኤች ሽቅብ ይወጣል። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ተህዋስያንን በብርቱ በሚገድለው መልኩ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ግን ሩብ ገደማ ብቻ ይቀራል። ባለቤቱ ክሎሪን እየጨመረ ገንዳው አረንጓዴ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የጎደለውን ለመሙላት ማንኛውም ውኃ ይበቃል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ፀሐይ የምታተነው ውኃውን ብቻ ነው፤ ካልሲየሙና ጨዉ እዚያው ይቀራሉ፣ በየሙሌቱም ይደራረባሉ።

የወንዝ ውኃ በጭራሽ አይመከርም፤ ጭቃውና ቅጠላ ቅጠሉ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። የዝናብ ውኃ ማዕድን ስለሚያንሰው ብቻውን ሲሞላ የሲሚንቶ ልስንን ይበላል። በቦቴ የሚገዛ ከሆነ ውኃው ከየት እንደተቀዳ፣ ቦቴው ከዚህ በፊት ምን ይጭን እንደነበር ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

የከተማ ቧንቧ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን የጎማውን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነክሮ መተው አደገኛ ነው። ውኃ በድንገት ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ የገንዳውን ውኃ ወደ ኋላ ሊስብ፣ የጎረቤትንም የመጠጥ ውኃ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ የጎማው ጫፍ ከውኃው ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት።